በነጻ ያገለገለ በሕግ ሲጠየቅ



የቡና ለቀማ ሲቃረብ ከሰቃ ከተማ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡ መንገዶች የሁሉም ሰው ጭንቀት ይሆናሉ። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ ጥራቱ ይበላሻል። ስለዚህ ነዋሪው ያዋጣል፣ ኮሚቴ ይመርጣል። ኮሚቴው ማኅተም ከሌለው ሊቀ መንበሩ የግሬደር ኪራይ ውል ላይ የሚፈርመው በራሱ ስም ነው። ታዲያ ቱቦ ሳይቀበር ቀርቶ ጎርፍ የጎረቤት ማሳ ጠርጎ ቢወስድ፣ ወይም ሞተረኛ ሌሊት ያልታጠረ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ ማን ይከሰሳል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2027 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ ደመወዝ አለመቀበል ብቻውን ከዚህ አያድንም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ እድርና እቁብን አይመለከትም። በእድር ወግ የሚተዳደረው የመንገድ ኮሚቴም የትኛው ሕግ እንደሚገዛው ሳያውቅ ሥራ ይጀምራል።

ለሰፈሩ ብሎ ጊዜውን የሰጠን ሰው ብቻውን ፍርድ ቤት ማቆም ነውር ነው። ያለ ደረሰኝ መዋጮ የሚሰበስብ ኮሚቴም ግን በበጎ ፈቃድ ስም ሊሸፈን አይገባም።

በዚህ እትም ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ፣ የገንዘብ ወጪ ለምን በጣምራ ፊርማ መሆን እንዳለበት፣ ከማሽን አከራይ ጋር በሚደረግ ውል ውስጥ የጉዳት ኃላፊነት እንዴት እንደሚጻፍ ታገኛላችሁ። የኪራይ ውል ለመፈረም የተዘጋጃችሁ የኮሚቴ አባላት ካላችሁ፣ እባካችሁ ከፊርማው በፊት አንብቡት።

አዘጋጁ