ኪኒንም ሲተዉት ያማል

ቡና የቀረበት ሰው ራሱን ሲፈልጠው ሐራራ መሆኑን መራዊ ውስጥ የማያውቅ የለም። ታዲያ ለድብርት የታዘዘለትን አሚትሪፕቲሊን ለወራት ወስዶ ባንድ ቀን ያቋረጠ ጓደኛችን ሲያቅለሸልሸው፣ ሲያልበው፣ እንቅልፍ ሲያጣ «ያ ነገር ተነሳበት» ብለን የምንንሾካሾከው ምነው? ሰውነቱ የለመደውን አጥቶ እኮ ነው! የቀድሞው ሕመም የሚያገረሸው አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው፤ ይኸኛው በቀናት ውስጥ ይነሳል። በእኛ አስተያየት መድኃኒቱ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ ሳምንታትም ወራትም ቢፈጅ፣ ጥቂት በጥቂት መቀነስ አለበት፤ ከባሰም ሐኪሙ ወደ ቀድሞው መጠን ሊመልሰው ይችላል። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን ኪኒኑን አይጣል፤ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ ተናግረው ነበር። በመኝታ ክፍላችን ግን ኪኒኑን ከፍራሽ ሥር የሚደብቅ አለ። ሲያዞረው ክንዱን እንያዘው፣ ጤና ጣቢያ ሲሄድም የዕለቱን ትምህርት እንጻፍለት።