ለሶማሌ ክልል ጤና ቢሮ ኃላፊ፦ ስለ ማምከኛ ክፍሎቻችን



ይህን የምጽፍልዎ ከቶጎጫሌ ነው። ከዚህ አንዲት እናት ምጥ ጸንቶባት ወደ ጅጅጋ ስትላክ ቤተሰቧ ስለ መኪናው፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ሐኪሙ ይጨነቃል። ሆዷ የሚከፈትበት መሣሪያ እንዴት እንደታጠበና እንደመከነ የሚጠይቅ ዘመድ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። መጠየቅ ያለበት የእርስዎ ቢሮ ነው።

ነርስ ነኝ፤ በየተቋሙ የማየው ጥፋት ተመሳሳይ ነው። መሣሪያው ደም እንደያዘ ይደርቃል፣ ከዚያ በረኪና ውስጥ ይዘፈዘፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከእጥበት በፊት በኬሚካል መዘፍዘፍን አይመክርም። የበረኪናው ክሎሪን ብረቱን ይበላዋል፤ በተበላው ቦታ ቆሻሻ ይሸሸጋል። የፎርሴፕሱ መጋጠሚያ ተከፍቶ በብሩሽ ካልታሸ ደግሞ የማምከኛው ማሽን (የአውቶክሌቩ) እንፋሎት የደረቀውን ደም አልፎ ብረቱን አያገኘውም። በደንብ ያልታጠበ መሣሪያ አውቶክሌቭ ገብቶ ወጣ ማለት መከነ ማለት አይደለም።

አውቶክሌቩም የራሱ ጣጣ አለው። በተለመደው አሠራር የተጠቀለለ መሣሪያ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ደቂቃው የሚቆጠረው ሙቀቱ 121 ከደረሰ በኋላ ነው እንጂ ማብሪያው ከተጫነ ጀምሮ አይደለም። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ጅጅጋ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በባሕር ጠረፍ በ15 ፓውንድ ግፊት የሚገኘው ሙቀት ጅጅጋ ላይ የሚገኘው በ17 ተኩል ገደማ ነው። የግፊት መለኪያውን ብቻ እያየ 15 ላይ የሚቆጥር ሠራተኛ ሳያውቀው ጎዶሎ ሙቀት ይሰጣል። ይህን የነገረው ሰው ከሌለ ጥፋቱ የእሱ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ቴፑ ነው። ከጥቅሉ ውጭ የሚለጠፈው ቴፕ መሥመሩ ሲጠቁር ‹‹ስቴራይል ነው›› ተብሎ መዝገብ ላይ ይፈረማል። ቴፑ የሚናገረው ጥቅሉ ሙቀት ውስጥ መግባቱን ብቻ ነው። እንፋሎቱ መሐል ድረስ መድረሱን የሚያሳየው ጥቅሉ ውስጥ የሚቀመጠው ኢንዲኬተር ነው፤ ጀርሞቹ በርግጥ መሞታቸውን የሚያረጋግጠው ደግሞ የባዮሎጂ ምርመራ ነው። ሁለቱም በሌሉበት መዝገቡ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይታያል።

ሠራተኛውን በመገሠጽ ይህ አይስተካከልም። ውሃ በቦቴ በሚጠበቅበት አካባቢ ‹‹ደጋግመህ አለቅልቅ›› ማለት ምን ይጠቅመዋል? ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጁት የመሣሪያ ስብስቦች ጥቂት ሲሆኑና ሌላ እናት በር ላይ ስትደርስ፣ የሚቆረጠው የማምከኛው ሰዓት ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መመሪያ እንግሊዝኛ ነው፤ የሚያጥበው ሰው የሚሠራው በሶማሊኛ ነው።

መሻሻል እንደሚቻል አገራችን ውስጥ ታይቷል። የላይፍቦክስ ድርጅት ‹‹ክሊን ከት›› የተባለ የቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽን መከላከያ ፕሮግራም በ5 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተሞክሮ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን 35 በመቶ ቀንሷል። ከያዛቸው ስድስት ጉዳዮች አንዱ የመሣሪያዎች ንጽሕና ነበር።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ይህ ነው። የማምከኛ ክፍሉ በጀት ከጽዳት ዕቃ ጋር ተደባልቆ አይያዝ፤ የራሱ መደብ ይኑረው፦ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ብሩሽ፣ የውስጥ ኢንዲኬተር፣ ተጨማሪ የመሣሪያ ስብስብ። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ሥልጠና ያግኙ፤ መመሪያው በሶማሊኛ ይጻፍላቸው፤ የግፊቱም ልክ ለየከተማው ከፍታ ተሰልቶ ማሽኑ ላይ ይለጠፍ። ለክትትል የምትልኩት ቡድንም መዝገብ ከማገላበጡ በፊት ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል አንሥቶ ይፍታ፤ ጨርቁ እርጥብ መሆኑን ይዳስስ፣ የመቀሱን መጋጠሚያ ከፍቶ ይመልከት፣ ውስጥ ኢንዲኬተር ካለም ቀለሙን ይይ። ያየውንም እዚያው ለሠራተኞቹ ይንገራቸው፤ የጎደለውን ዕቃ ደግሞ ለእርስዎ በጽሑፍ ያቅርብ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቶጎጫሌ አንዲት ነርስ