ኪራዩ የማይከፍለው ዕዳ

«ቤቱ ራሱን በራሱ ይከፍላል።» የአዲስ አበባ አፓርታማ አሻሻጮች አዲስ ገዢን የሚያሳምኑት በዚህ አባባል ነው። ትንሽ ቅድመ ክፍያ ይከፈላል፤ የቀረው በግንባታው ደረጃ ይከፋፈላል ወይም ባንክ ያበድራል፤ ቁልፍ ርክክብ ሲደረግ ተከራይ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ዕዳው የተከራዩ ነው። ይህን አምነው የጡረታ ገንዘባቸውን፣ መኪና የሸጡበትን፣ ከዓረብ አገር የተላከውን የዓመታት ቁጠባ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። አባባሉ ግን በዛሬዋ አዲስ አበባ እውነት አይደለም። ይህን ለማወቅ የኢኮኖሚ ባለሙያ መሆን አያሻም፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

ለስሌት ያህል፣ መቶ ካሬ ሜትር አፓርታማ በካሬ 100 ሺህ ብር ተሸጠ እንበል። ዋጋው 10 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ገዢው 3 ሚሊዮኑን ከኪሱ ከፍሎ 7 ሚሊዮኑን በ18 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት ሊመልስ ቢበደር፣ በየወሩ የሚከፍለው 108 ሺህ ብር ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 105 ሺሁ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 3 ሺህ ብር ብቻ። ቤቱ በወር 40 ሺህ ብር ቢከራይ ባለቤቱ የቀረውን 68 ሺህ ከሌላ ገቢው መሙላት አለበት። ኪራዩ እጥፍ ሆኖ 80 ሺህ ቢገባ እንኳ አይሞላም። ይህ ሁሉ ገና ግብር ሳይነሳ ነው። የገቢ ግብር አዋጁ፣ ቁጥር 979/2008፣ የሂሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ የኪራዩን የተወሰነ ክፍል እንደ ወጪ ይይዝለታል፤ በቀረው ላይ የሚጣለው ግብር ግን እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ የሚያልፈው ጊዜ፣ የደላላ ክፍያ፣ የሊፍትና የጄኔሬተር መዋጮ በዚህ ወረቀት ላይ ገና አልተጻፉም።

እንዲህ ያለ ሂሳብ ለምን ይታመናል? አንዱ ምክንያት አሮጌው የአዲስ አበባ አከራይነት ያተረፈው መልካም ስም ነው። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በኪራይ ልጆቿን ያስተማረች እናት ወይም በኪራይ የሚተዳደር ጡረተኛ ያውቃል። እነዚህ ሰዎች ግን ከባንክ ተበድረው አልጀመሩም። ግቢያቸው ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ እቁብ ሲደርሳቸው አንድ ክፍል፣ በዓመቱ ሌላ ክፍል እያሉ ሰርቪስ ሠሩ። ቆርቆሮውን ራሳቸው ገዙ፤ አናጺውን ቆመው አሠሩ። ተከራዩ በር ላይ ስለሚያገኛቸው ኪራይ አይዘገይም፤ ቧንቧ ቢበላሽ በዚያው ቀን ይጠገናል። ወለድ የለባቸውም፤ ስለዚህ ክፍሉ ሁለት ወር ባዶ ቢሆን ገቢያቸው ይቀንሳል እንጂ ቤታቸው ለሐራጅ አይወጣም። የዛሬው ሻጭ ምሳሌ አድርጎ የሚጠራው የእነሱን ኑሮ ነው፤ የሚሸጠው ግን ከእነሱ አሠራር ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ ሌላ ነገር ነው።

ቤት ሳይሠራ የሚፈጸመው ሽያጭ ደግሞ የባሰ ጉድለት አለው። እዚህ ገዢው ኢንቨስተር ተብሎ ይጠራል፤ በተግባር ግን አበዳሪ ነው። ባንክ ለአልሚው ሲያበድር ካርታውን በመያዣነት ይይዛል፣ ወለድ ያስከፍላል፣ ሕንፃው የደረሰበትን በመሐንዲስ እያስመረመረ ገንዘቡን ይለቃል። ቅድመ ክፍያ የከፈለ ገዢ መያዣም ወለድም የለውም፤ በእጁ ያለው ውልና ደረሰኝ ነው። ሁለት ዓመት ይፈጃል የተባለው ግንባታ አራት ዓመት ቢፈጅ፣ ተጨማሪው ሁለት ዓመት ኪራይ የሌለበት ዘመን ነው፤ ኪራዩን የሚተካለት የለም። ዋጋው ከምንዛሪ ጋር እንዲስተካከል የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ካለም የብር መውደቅ የሚያመጣው ጭማሪ ወደ ገዢው ይተላለፋል።

ይህ የሚታወቅ ታሪክ ነው። አክሰስ ሪል ስቴት ከሁለት ሺህ ከሚበልጡ ቤት ፈላጊዎች ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ ሰብስቦ ቤቶቹን በወቅቱ ሳያስረክብ ሲቀር፣ ገዢዎቹ ኮሚቴ አቋቁመው ለዓመታት ከቢሮ ቢሮ ተንከራተዋል። ብዙዎቹ ውጭ አገር ሠርተው ያጠራቀሙ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል፤ በ2017 የወጣው የሪል ስቴት ልማትና ግብይት አዋጅ፣ ቁጥር 1357፣ አልሚዎችን ሥርዓት ለማስያዝ የታሰበ ነው። ይሁንና የሽያጩ ቋንቋ አልተለወጠም። ዛሬም ለገዢው የሚታየው የሕንፃው ንድፍ እንጂ ካርታው ለባንክ በመያዣነት መሰጠት አለመሰጠቱ አይደለም።

በስተመጨረሻ የሚረከበውንም ቤት ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ውሉ «ከፊል የተጠናቀቀ» ካለ፣ በር ሲከፈት የሚያጋጥመው የተለሰነ ግድግዳና ባዶ ሲሚንቶ ወለል ነው። ሽቦዎች ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል፤ የመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ በጨርቅ ተወትፏል፤ የውስጥ በር፣ ሴራሚክ፣ የኪችን ካቢኔት፣ የመጸዳጃ ዕቃ የለም። እነዚህን ሁሉ ገዢው በዕለቱ ዋጋ ይገዛል። በዚህ ጊዜ የቅድመ ክፍያው ጉጉት አልፎ ገንዘቡም አልቋል። ተከራይ ደግሞ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አይገባም።

ሰዎች ለምን ወደ ቤት እንደሚሮጡ አለመረዳት ግን ፍርድ ማዛባት ነው። የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ በነበረበት ጊዜ የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ አልፏል። ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ሲከስር፣ በሲኤምሲ ወይም በአያት ሰፈር ቀድሞ የገዛ ሰው ግን ሀብቱን አትርፏል። ይህ እውነት ነው፤ መካድም አይገባም። ነገር ግን እነዚያን ሰዎች ያተረፋቸው የብር ዋጋ መውደቅና የመሬት እጥረት እንጂ ኪራዩ አልነበረም። ገንዘብን ከንረት ለመሸሸግ ቤት መግዛት አንድ ነገር ነው፤ በብድር ገዝቶ ከኪራይ ለመኖር ማሰብ ሌላ። የመጀመሪያው ትዕግሥትና ዕዳ የሌለበት ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለተኛው በየወሩ የሚገባ ጥሬ ብር ይፈልጋል፤ ያ ብር ደግሞ አይገባም።

ጉዳቱ በተለይ የሚከፋው በዲያስፖራው ላይ ነው። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ያለ ቤቱን አስይዞ በዶላር ተበድሮ አዲስ አበባ አፓርታማ የሚገዛ ሰው ዕዳው በዶላር፣ ገቢው በብር ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሂሳብ 40 ሺህ ብር ኪራይ 700 ዶላር ነው። ዶላር 140 ብር ሲገባ ያው ኪራይ ወደ 285 ዶላር ይወርዳል። የአሜሪካው ባንክ ግን የሚጠብቀው ክፍያ አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። ይህን አደጋ በሽያጭ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተዘርዝሮ የሚያየው ገዢ ስንት ነው?

ኪራዩን በመጨመር ክፍተቱ ይዘጋል የሚለው መልስ ከሕግም ከኑሮም ጋር ይጋጫል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን እንዲሆን ደንግጓል። ከአዋጁም በላይ ጭማሪውን የሚገድበው የተከራዩ ኪስ ነው። በመስከረም 2018 በተደረገው ማሻሻያ አንድ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ 11,500 ብር ደመወዝ ያገኛል፤ የደመወዝ ስኬሉ ጣሪያም 39 ሺህ ብር ነው። በመጀመሪያው ስሌታችን ላይ ያለው 40 ሺህ ብር ኪራይ ከአገሪቱ ከፍተኛ የሲቪል ሰርቪስ ደመወዝ ይበልጣል። ታዲያ 108 ሺውን የሚከፍለው ተከራይ ከየት ይመጣል? ዶላር የሚከፈለው የውጭ ድርጅት ሠራተኛ አለ፤ ግን ቁጥሩ በየሰፈሩ ለሚነሱት ሕንፃዎች ሁሉ አይበቃም።

ባንኮችም ከኃላፊነት አያመልጡም። አገሪቱ ለረጅም ጊዜ የቤት ብድር ባንክ ነበራት፤ የቤቶችና ቁጠባ ባንክ የነበረው የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሃደ። በ2014 ጎህ ቤቶች ባንክ ሥራ ቢጀምርም፣ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የብድር ዕድገትን በ14 በመቶ ሲገድብ የረጅም ጊዜ የቤት ብድር እንደገና ተጣበበ። ርካሽ ብድር በሌለበት አገር የተሠራ ሕንፃ ገንዘቡን የሚያገኘው ከገዢው ኪስ ነው፤ ማስታወቂያው የሚበረታውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ቀላል ነገር ነው። አልሚው የካሬውን ዋጋ በሚያትምበት ገጽ ላይ በሰፈሩ ያለውን የኪራይ ዋጋና የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ ጎን ለጎን ያትም። ካርታው በማን ስም እንደሆነና መያዣ እንዳለበት በጽሑፍ ያሳውቅ። የቤት ማስታወቂያ የሚያነብ ጋዜጠኛም «ራሱን ይከፍላል» የሚለውን ቃል ወደ ማይክሮፎን ከማቅረቡ በፊት በስንት ወለድ፣ በስንት ኪራይ ብሎ ይጠይቅ።