«የተደመሰሰው» ሰው ስም ነበረው

የጦርነት ዜና በአማርኛ ሲነገር አንድ የማይቀር ግስ አለ፦ «ተደመሰሰ»። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር ይደመሰሳል፤ በዳስተር ሁለቴ ማሸት ይበቃዋል፣ ምን ተጽፎ እንደነበርም የሚያስታውስ የለም። ግሱ ለሰው ሲውልም ሥራው ያው ነው። ከግሱ ቀጥሎ «ሙትና ቁስለኛ» ይመጣል፣ ከዚያ ቁጥር፣ ከዚያ የሚቀጥለው ዜና። በሬዲዮ ዘመን ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። አሁን በቁጥሩ ላይ ፎቶና ቪዲዮ ተጨምሯል። መሬት ላይ የተዘረረ ወጣት፣ ከጎኑ ስልክ የደገነ ሰው፣ ከሥሩ ደግሞ የሚስቅ ኢሞጂ በመቶዎች።

ይህን የሚለጥፉና ሼር የሚያደርጉ ሰዎች ሲወቀሱ የተማረ ሰው የሚመስል መልስ አላቸው። ጦርነት ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው፣ የዓለም ታላላቅ ድርሰቶችም የተጻፉት የጠላትን ሞት እያሞገሱ ነው፣ ያልገባው ሆሜርን ያንብብ ይላሉ።

መልካም። ሆሜር ይነበብ።

ኢሊያድ 24 ክፍልና ከ15,000 በላይ ስንኝ ያለው ግጥም ነው። በውስጡ በስም ተጠርተው የሚሞቱት ከ200 በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ የትሮይ ወገን ናቸው፤ ማለትም በግሪክኛ ሲተረክ ለሚያዳምጠው ሕዝብ ጠላት የነበሩት። ደሙ አልተደበቀም። ጦሩ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ፣ የትኛውን አጥንት እንደሰበረ ሐኪም በሚጽፈው ዓይነት ዝርዝር ይነገራል። ሬሳ አሳይ ባዮቹ ያነበቡት ይህን ብቻ ይመስላል። ጦሩ ከወጋ በኋላ ገጣሚው ምን እንደሚያደርግ ግን አላዩም።

በአራተኛው ክፍል ሲሞኢሲዮስ የሚባል ያላገባ የትሮይ ጎረምሳ በአጃክስ ጦር ይወድቃል። ከዚያ በፊት በግጥሙ ውስጥ አልታየም፣ ከዚያም በኋላ አይታይም። ገጣሚው ግን ለእሱ ሲል ውጊያውን ያቆማል። እናቱ ከወላጆቿ ጋር መንጋ ልታይ ሄዳ ከኢዳ ተራራ ስትወርድ በሲሞይስ ወንዝ ዳር ወለደችው፤ ስሙም ከወንዙ ተወሰደ። ወላጆቹ ያሳደጉበትን ውለታ ሳይመልስ ሞተ። አማርኛ ለዚህ ሁለት ቃል ይበቃዋል፦ ጧሪ ቀባሪ። ሆሜር የሚነግረው አንድ ጠላት መቀነሱን ሳይሆን አንድ ቤት ጧሪ ቀባሪ ማጣቱን ነው።

በስድስተኛው ክፍል አክሲሎስ በዲዮሜዲስ እጅ ይሞታል። አክሲሎስ ሀብታም ነው፣ ቤቱ መንገድ ዳር ነው፣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ አስገብቶ ያበላል ያጠጣል። ካስተናገዳቸው እንግዶች አንዱ እንኳን በዚያ ቀን ከፊቱ ቆሞ ሞትን አልመለሰለትም፤ አብሮት የወደቀው ሰረገላውን የሚነዳለት አሽከሩ ብቻ ነው። በ11ኛው ክፍል ደግሞ ኢፊዳማስ አለ። ሙሽራ ነው። ለጥሎሽ 100 ከብት ሰጥቷል፣ 1,000 ፍየልና በግ ሊጨምር ቃል ገብቷል፣ ከጫጉላው ተነስቶ ዘምቶ ሚስቱን ሳይጠግባት ሞተ። ከሦስቱ አንዱም የግሪክ ወገን አይደለም። የሦስቱም ታሪክ ተደምሮ አንድ ገጽ አይሞላም፤ ሰውን ሰው ለማድረግ ግን በቂ ነው።

ኢትዮጵያዊት አስለቃሽም ሙያዋ ይኸው ነው። ልቅሶ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ የምታጣራው የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩን፣ ሙያውን፣ ማንን ትቶ እንደሄደ ነው። ያለዚያ ሙሾ አይወርድም። እሷ ግን የምትጠራው የወገንን ሟች ነው፤ ሆሜር አንድ እርምጃ አልፎ የባዕዱን ሙሾ አወረደ።

ሆሜር ቅዱስ ነበር ለማለት አይደለም። በግጥሙ ውስጥ ስም ሳይጠራላቸው በጅምላ የሚያልቁ ተራ ወታደሮች አሉ፤ እንደ ዕቃ የሚከፋፈሉ ሴቶች አሉ። በሬሳ ላይ መፎከርና መሳቅም ሞልቷል። የሚስቀው ኢሞጂ የዘር ሐረግ ካስፈለገው 16ኛው ክፍል ላይ ያገኘዋል። ፓትሮክሉስ የሄክቶርን ሰረገላ ነጂ ኬብሪዮኔስን ግንባሩን በድንጋይ ፈረከሰው። ሰውዬው ከሰረገላው ላይ በጭንቅላቱ ተተክሎ ሲወድቅ ፓትሮክሉስ ቀለደበት፦ እንዴት ያለ አክሮባት ነው፣ ባሕር ላይ ቢሆን እየጠለቀ የባሕር ቀንድ አውጣ በማውጣት ስንቱን ሰው በቀለበ! ቀልዱ ያስቃል፣ አይካድም። ገጣሚው ግን አብሮ አይስቅም። ሁለቱ ወገኖች በሬሳው ላይ ሲጓተቱ ቆይተው ዓይኑን ወደ ኬብሪዮኔስ ይመልሳል፤ ያ ትልቅ ሰው ፈረሰኛነቱን ረስቶ በአቧራ አውሎ ነፋስ መሐል ተጋድሟል። ቀላጁ ፓትሮክሉስ ደግሞ ያው 16ኛ ክፍል ሳያልቅ ራሱ ሬሳ ሆነ።

አኪሌስ የሄክቶርን ሬሳ በሰረገላ መጎተቱም እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ጎትቷል። ግጥሙ ግን ድርጊቱን አሳፋሪ ይለዋል፤ አፖሎን በአማልክቱ ሸንጎ ተነስቶ ይህ ሰው ርኅራኄንም ሐፍረትንም አጥፍቷል ብሎ ይከስሰዋል፣ ዜውስም ሬሳውን እንዲመልስ ያዝዛል። ስለዚህ ኢሊያድን ለሬሳ ጎታች ጠበቃ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ፍርዱን ትቶ ወንጀሉን ብቻ ያነበበ ሰው ነው።

ሆሜር ብቻውን ቢሆን አንድ ገጣሚ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ኤስኪለስስ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ፋርሶች አቴንስን አቃጠሉ፤ በዚያው ዓመት በሳላሚስ ባሕር ተሸነፉ። ስምንት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች በሕይወት እያሉ፣ ኤስኪለስ «ፋርሶች» የተባለውን ተውኔት በአቴንስ መድረክ ላይ አቀረበ። ትዕይንቱ የሚካሄደው በጠላት ከተማ በሱሳ ነው። የሚያለቅሱት የጠላት ሽማግሌዎችና የንጉሡ እናት ናቸው። መልእክተኛው የሞቱትን የፋርስ አዛዦች በስም እየጠራ ይዘረዝራል፤ በተውኔቱ ውስጥ ግን አንድም የግሪክ ሰው በስሙ አይጠራም። አቴናውያን ይህን ተቀምጠው አዩ፣ አንደኛም አወጡት። ተውኔቱ የለቅሶ ልብስ የለበሰ ፉከራ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። ይሁን። ጠላቱን ከእናቱ ጋር መድረክ ላይ አውጥቶ ሟቾቹን በስም የሚጠራ ፉከራ ግን ዛሬ የት ይገኛል?

ጦር ሜዳ ያልዋለ ሰው ነው ለጠላት የሚራራው የሚል መልስ ደግሞ ሁልጊዜ ይመጣል። ኤስኪለስ ማራቶን ላይ ተዋግቷል፤ ወንድሙ ኪኔጌይሮስም እዚያው በፋርሶች እጅ ሞቷል። ያዘነው የተዋጋው ነው። በሬሳ ፎቶ ሥር የሚስቀው ብዙውን ጊዜ ከግንባሩ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ሶፋ ላይ የተቀመጠው ነው።

ቶልስቶይም ወታደር ነበር። በወጣትነቱ በካውካሰስ በሩሲያ ጦር ውስጥ አገልግሏል። በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ የጻፈውና ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1912 የታተመው «ሐጂ ሙራት» ለዛሬው ነገር ከሁሉም ይቀርባል። ሐጂ ሙራት ሩሲያን የወጋ፣ ከዚያ ለሩሲያ የገባ፣ በኋላም ቤተሰቡን ለማዳን ሲያመልጥ የተገደለ የተራራ ጦር አለቃ ነው። ቶልስቶይ ግን መጀመሪያ የሚያሳየው አሟሟቱን አይደለም። አንድ መኮንን ከረጢት ይዞ ወደ ምሽጉ ይመጣል። በየሰፈሩ እየዞረ የሚያሳየው ነገር አለው። ከረጢቱን ይፈታዋል፤ የሐጂ ሙራት ጭንቅላት ነው። የተላጨ፣ የተፈነከተ፣ አንድ ዓይኑ የተከፈተ ሌላው የተጨፈነ ሊመስል የደረሰ። በጠቆሩት ከንፈሮቹ ላይ ግን የሕፃን የዋህነት አለ። ይህ ሰው ቀደም ሲል እዚያው ቤት እንግዳ ነበር። የሻለቃው ባልንጀራ ማሪያ ድሚትሪየቭና ጭንቅላቱን አይታ ዞራ ትሄዳለች፤ ጦርነት ነው ሲሏትም አትቀበልም፣ አራጆች ናችሁ ትላቸዋለች። አሟሟቱ የሚተረከው ከዚህ በኋላ ነው።

ያ መኮንን ክፉ ሰው ሆኖ አልተሣለም። ታዝዞ ነው፣ ትንሽም ጠጥቷል፣ የያዘው ነገር የሚያስደስት ዜና ይመስለዋል። በዛሬ ቋንቋ የቻናል አድሚን ነው። ከረጢቱ ስልክ ሆነ እንጂ ዙረቱ አልተለወጠም። የጎደለው ያቺ ሴት ናት፤ አስተያየት መስጫው ላይ አራጆች ናችሁ ብላ ብትጽፍ በደቂቃ ውስጥ ከሃዲ ተብላ ትባረራለች።

በአማርኛም ይህን የሞከረ ነበር። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆኖ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ከውስጥ አየ፤ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ። ባለታሪኩ ራሱ የዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሰው ነው፤ መግለጫው «ድል» የሚለውን ነገር በሬሳ መሐል ቆሞ ያየዋል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ስለ ስም አልባ ሞት የጻፈ ሰው የራሱ መቃብር አይታወቅም።

ወደ ኢሊያድ መጨረሻ። ሽማግሌው ፕሪያም በሌሊት ወደ ጠላት ሰፈር ሄዶ ልጆቹን የገደሉትን እጆች ይስማል። አኪሌስ የገዛ አባቱን አስታውሶ አብሮት ያለቅሳል፤ ሬሳውን ይሰጠዋል፤ ከዚያም ለቅሶና ለቀብር ስንት ቀን ያስፈልግሃል ብሎ ይጠይቀዋል። ፕሪያም ይቆጥርለታል፦ ዘጠኝ ቀን ልቅሶ፣ በአሥረኛው ቀብር፣ በ11ኛው መቃብሩን መከመር፣ በ12ኛው ግድ ከሆነ ውጊያ። አኪሌስ ጦሩን ያዘለት። ግጥሙ ትሮይ ስትወድቅ አያሳይም፤ የሚያልቀው በጠላት ሰው ቀብር ላይ ነው።

የሰሜኑ ጦርነት በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። በትግራይ ለሞቱት ታጋዮች ይፋዊ የሐዘን ቀን የታወጀው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በጥቅምት 2016 መጀመሪያ ነበር። የፌዴራሉ ሠራዊት፣ የትግራይ ኃይሎች፣ የአማራና የአፋር ታጣቂዎች ሟቾች ሙሉ የስም ዝርዝር እስካሁን በአደባባይ አልተነበበም። ፎቶዎቹ ግን ቻናሎቹ ላይ አሉ። ወደ ላይ ገፋ ገፋ ሲደረግ ይመጣሉ፣ ኢሞጂዎቹም ከነቁጥራቸው።