ግሉኮስ ሰቅሎ ሪፈር መጻፍ

ጀሞ፣ ለቡ ወይም ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሌሊት ሰው ሲታመም የሚሆነውን የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ በደንብ ያውቀዋል። ቤተሰብ ተሯሩጦ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ያደርሳል፤ ግሉኮስ ይሰቀላል፤ ሪፈር ይጻፋል። ከዚያ አስታማሚው በአንድ እጁ ወረቀቱን፣ በሌላው ግማሽ የቀረውን ግሉኮስ ከፍ አድርጎ ይዞ መኪና ፍለጋ ይወጣል። ይህ ልማድ ስለሆነብን ከሕክምና እንቆጥረዋለን። እኔ ግን ግሉኮሱም ሪፈሩም አብዛኛውን ጊዜ ከውሳኔ መሸሻ ናቸው እላለሁ።

የሪፈሩን ወረቀት ተረጋግቶ ያነበበ ሰው ነገሩ ይገባዋል። «ለተሻለ ምርመራና ሕክምና» የሚለው አይቀርም። ማኅተሙም አይቀርም። የትንፋሽ ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ ግን በብዙው ወረቀት 20 ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ አስም አንቆት የሚያቃስተውም 20፣ እጁ ተሰብሮ የመጣውም 20። ትንፋሽ ለመቁጠር ሰዓትና አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ የሕመምን መክበድ ቀድመው ከሚናገሩ ምልክቶች አንዱም እሱ ነው። የኦክሲጅን መጠን የሚጻፍበት መስመር ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ታማሚው ስንት ሰዓት እንደደረሰና ከመላኩ በፊት ምን እንደተደረገለት ከወረቀቱ ማወቅ የሚችል ተቀባይ ሐኪም ዕድለኛ ነው።

«ትልቅ ሆስፒታል ይሻለዋል» የሚለው ክርክር ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ነው፤ አቤት ሆስፒታልም ለአደጋና ለቃጠሎ ተብሎ ተቋቁሟል። ማንም ይህን አይንቅም። ጥያቄው በመካኒሳ፣ በሳር ቤትና በሜክሲኮ አልፎ እዚያ እስኪደረስ ድረስ የታማሚው ሰውነት ይጠብቃል ወይ ነው።

ከቀለበት መንገዱ በመኪና ተገጭቶ የመጣ፣ ደም እየፈሰሰው ያለ ወጣት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመው ክራሽ-2 የተባለው ጥናት በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎችን አሳትፎ ነበር። የተፈተነው ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው ደም እንዳይፈስ የሚያግዝ መድኃኒት ነው፤ ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ሾሱኬና ኡታኮ ኦካሞቶ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ያገኙት፣ ዋጋው ርካሽ፣ በደም ሥር ማንም ነርስ ሊሰጠው የሚችል መድኃኒት። አደጋው በደረሰ በ1 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በደም መፍሰስ የሚሞቱትን ከ7.7 ከመቶ ወደ 5.3 ከመቶ አወረደ። ከ3 ሰዓት በኋላ ከተሰጣቸው መካከል ግን ካልተሰጣቸው ይልቅ በደም መፍሰስ የሞቱት በዙ። ስለዚህ ሪፈር ጽፎ የላከው ባለሙያ ውሳኔውን ለትልቁ ሆስፒታል አስተላለፍኩ ብሎ ያስብ ይሆናል፤ በሆስፒታሉ ተራ ተጠብቆ፣ አልጋ የሚያፈላልገው ሊያዞን ተጠይቆ፣ «አልጋ የለም» ተብሎ ወደ ሌላ ሲላክ ግን መድኃኒቱ ከሚያድንበት ወደሚጎዳበት ሰዓት ተሻግሯል። ገንዘብ ነው እንዳይባልም አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና ወጪ እንዲሸፈን ደንግጓል።

ሌላው ልማዳችን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያልገባ አይድንም ማለት ነው። በኮቪድ ዘመን ወሬያችን ሁሉ ቬንትሌተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት በ22 የአፍሪካ አገሮች በሚገኙ 180 ሆስፒታሎች ተኝተው የነበሩ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሕሙማንን አየ። ከስምንቱ አንዱ በጽኑ የታመመ ነበር፤ ከእነዚህ ከአሥሩ ሰባት ገደማ የተኙት በተራ ዋርድ እንጂ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አይደለም። ትንፋሽ ካጠራቸው መካከል ኦክሲጅን እያገኙ የነበሩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ አስተኝቶ የመተንፈሻ ቧንቧውን መጠበቅ ምንም ወጪ የለውም፤ ያ የተደረገለትም በጣም ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ሞት የበዛው ትልቁ ማሽን ስለጠፋ ብቻ ነው የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

«እንግዲያውስ ጤና ጣቢያው ዝም ብሎ አልላከም፣ ግሉኮስ ሰቅሏል» የሚል አለ። ወደ ግሉኮሱ ልምጣ። ሕዝቡ ግሉኮስ የሚለው ከረጢት፣ ውስጡ ሳላይንም ይሁን ሪንገር፣ በእኛ ዘንድ የመታከም ምልክት ነው፤ ካልተሰቀለ ቤተሰብ ይቆጣል። ተቅማጥና ትውከት ያደረቀውን ሰው ፈሳሽ ያድነዋል፤ በ2008 ዓ.ም. አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባን ሲያስጨንቅ ይህን አይተናል። ትኩሳት ይዞት ደሙ በአግባቡ የማይዘዋወርለት ሕፃን ግን ሌላ ነው። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ 3,141 ሕፃናት የተሳተፉበት ፊስት የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ የዓለምን ሐኪሞች አስደነገጠ፤ ፈሳሽ በፍጥነት ከወረደላቸው በ48 ሰዓት ውስጥ 10.5 ከመቶ ያህሉ ሞቱ፤ እንዲህ ካልተደረገላቸው ግን 7.3 ከመቶ። ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ።

በአዋቂዎችም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከአሜሪካዋ ዲትሮይት የወጣ ጥናት በኢንፌክሽን ደሙ የተመረዘን ሰው ፈሳሽ ሞልቶ፣ በማሽን እየለኩ በጊዜ ማከም ሞትን በእጅጉ ይቀንሳል አለ፤ ዓለም ሁሉ ያንን ገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በብሪታንያ የተደረጉ ሦስት ትላልቅ ጥናቶች ከተለመደው ሕክምና የሚበልጥ ጥቅም አላገኙበትም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሉሳካ የተሰማው ደግሞ የባሰ ነበር፦ ፈሳሽ የሚያበዛው ፕሮቶኮል ከተሰጣቸው 48 ከመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 33 ከመቶ ሞቱ። የሉሳካው ሆስፒታል ከዲትሮይቱ ይልቅ የእኛን ይመስላል፤ የጥናቱ ታማሚዎች አብዛኞቹ ኤችአይቪ ያለባቸው ቢሆኑም፣ እንደ እኛው ቬንትሌተሩ በጣት የሚቆጠር ነው። ሳንባው ፈሳሽ ቢሞላ የሚደግፈው ማሽን የሌለው ሰው ላይ ከረጢት መደርደር ደግነት ሊባል አይችልም። የሚያሳዝነው ከአህጉራችን የተገኘው ዕውቀት ከባሕር ማዶ ከመጣው መመሪያ ያነሰ መሰማቱ ነው።

በሌሊት ተረኛ የሆነውን ጤና መኮንን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው። ሁለት ነርስ ይዞ፣ የኦክሲጅን ሲሊንደሩ መኖሩን ሳያረጋግጥ፣ ዘመድ በሩ ላይ እየጮኸ ይወስናል። በእጁ የሞተ እንደሆነ ይጠየቃል፣ አንዳንዴም ይደበደባል። መንገድ ላይ የሞተ ግን የማንም አይደለም። ሥርዓቱ እንዲልክ ነው ያስተማረው፤ የላከ ሁሉ ነፃ ይወጣል፣ ሞክሮ ያቃተው ይከሰሳል። ይህ ካልተገለበጠ ሥልጠና በየሳምንቱ ቢሰጥ ውኃ ወቀጣ ነው።

መላክ ይቅር አላልኩም። አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበትን ጀሞ ላይ ማንም አይከፍተውም። ከመኪናው በፊት ግን ትንፋሹ ይቆጠር፣ ጣቱ ላይ መለኪያ ይደረግ፣ ኦክሲጅኑ ይከፈት፣ የሚፈሰው ደም ይታሰር፣ ትራኔክሳሚክ አሲዱ ይሰጥ፣ ራሱን የሳተው በጎኑ ይተኛ፣ የስኳር መጠኑ ይታይ። በወረቀቱም ላይ ስንት ሰዓት እንደደረሰ፣ ስንት ሰዓት እንደወጣና በመሐል ምን እንደተደረገለት የሚጠይቁ መስመሮች ይግቡ፤ ባዶ የተተወበት ሪፈር ተመላሽ ይሁን፣ ታማሚው ሳይሆን ወረቀቱ። ተቀባዩ ሆስፒታልም ለላኪው የሰውየውን መጨረሻ ይጻፍለት። የላከው ሰው ይዳን ይሙት ሳያውቅ በማግስቱ ሌሊት ያንኑ 20 የሚጽፍ ባለሙያ ከየት ይማራል?