ውሃ መርካቶ ላይ በስንት ይፈላል?

ከገበያው ወገን

ፊዚካል ኬሚስትሪ ላብ ሁለት ሴሚስተር ገብቼ በደንብ የተካንኩት ውጤትን ከማንዋሉ ጋር ማስማማት ነው። አንድ ቀን ቴርሞሜትር ስንፈትሽ የፈላው ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ቆመ። እሳቱን ጨመርን፣ ቴርሞሜትሩን ቀየርን፤ ያው 92። ተመካከርንና 100 ብለን ጻፍን። ሙሉ ማርክ አገኘን።

መምህር፣ ይህን ነው ትምህርት የሚሉት? እስቲ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይውረዱ። ኩራዝና ማንቆርቆሪያ የሚበይደውን ሰውዬ ይዩት። እርሳስ ለብቻው በ327 ዲግሪ፣ ቲን በ232 ይቀልጣል፤ በልኩ ሲደባለቁ ግን ከሁለቱም ቀድመው ይፈሳሉ። እኔ ይህን ከሰሌዳ ላይ ግራፍ አድርጌ ገለበጥኩት። እሱ ቅልጡ ከማብረቅረቅ ወደ መደብዘዝ ሲሄድ አይቶ እጁን ያነሳል። ከተሳሳተ ማንቆርቆሪያው ያንጠባጥባል፣ ደንበኛው በማግስቱ ይዞት ይመጣል። የእኛን 100 ማን ይዞብን መጣ?

ከላቦራቶሪው ወገን

ወንድሜ፣ የጠራኸው ምስክር ለእኔ መሰከረ። ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፤ የዋሻችሁት እናንተ ናችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ውሃው በጊዜ ይፈላል። ባሮሜትር አንብባችሁ በክላውዚየስና ክላፔይሮን ቀመር ብታሰሉት ያ 92 ራሱ ይመጣላችሁ ነበር። የዚያን ቀን ትምህርት የጎደለው 8 ዲግሪ ነበር፤ ሰረዛችሁት። ማርክ የሰጣችሁ ሰውም ጥፋተኛ ነው፤ እኔም ላብ አስተምራለሁና ያሳፍረኛል። ባቄላ የምትቀቅል እናት እዚህ ከቆላው ይልቅ እንደሚዘገይባት ታውቃለች፤ በስንት ዲግሪ ምክንያት እንደሆነ ግን ድስቱ አይነግራትም።

በያጁን አከብራለሁ። ምጥኑን ግን የወረሰው ከጌታው ነው። ከመቶው 63 እጅ ቲን ሲሆን ድብልቁ በ183 ዲግሪ እንደሚቀልጥ የሚያውቀው፣ ቅልጡ ሲቀዘቅዝ በየግማሽ ደቂቃው ቁጥር የመዘገበ ሰው ነው። እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከአብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ አስወጥቶታል፤ ምትክ ሆኖ የመጣው የቲን፣ የብርና የመዳብ ድብልቅ በ217 ገደማ ይቀልጣል። እንዲህ ያለ ምትክ በዓይን ግምት አይገኝም። ምናለሽ ተራ ላይ ግን እርሳሱ ዛሬም በባዶ እጅ ይነካል።

ከገበያው ወገን

ይሁን፣ በ8ቱ ዲግሪ ተረታሁ። ግን ለስድስት ተማሪ አንድ ቴርሞሜትር ነበረን፤ አንዱ ያነባል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። ተማሪዎችዎን ቴርሞሜትር አስይዘው ወደ በያጁ ያምጧቸው፤ እሱ «በቃ» ሲል ቁጥሩን ያንብቡ።

ከላቦራቶሪው ወገን

ሠላሳ ልጅ ሱቁ ፊት ተሰልፎ ደንበኛው በየት ይግባ? የከሰዓቱን ገበያ ማን ይክፈለው?