የድጋፍ ደብዳቤም ምስክርነት ነው



ሰሞኑን ሆለታ ላይ ካስተማርናቸው ልጆች አንዷ ወረቀት ይዛ መጣች። የ12ኛ ክፍል ውጤቷ ያማረ ነው። ውጭ አገር ሕግ ለመማር ልታመለክት ነውና «መምህር፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አለችን። ደስ ብሎን ብዕር አነሣን። «ጎበዝ ናት፣ ጸባየ ሸጋ ናት» ካልን በኋላ ግን ብዕራችን ቆመ። ሁለት ዓመት አስተምረናታል፤ ከማርኳ በቀር የምናውቅላት ነገር አልነበረም። ማመንታታችንን አይታ «በበጎ ፈቃድ ታገለግላለች ብለው ቢጨምሩበትስ? ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስጽፈው» አለች።

አልጨመርንም። የድጋፍ ደብዳቤ ምስክርነት ነው። ሱረቱ ኒሳእ በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ ቢሆን እንኳ በፍትሕ እንድንመሰክር ያዘናል። ነገ ችሎት ቆማ ምስክር የምትጠይቅ ልጅ መንገዷን በሐሰት ምስክር ልትጀምር አይገባትም። ሆኖም ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ማርክ፣ ማርክ እያልን ያሳደግናት እኛ መምህራንና ወላጆች ነን።

ማርክ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። ያለ ውጤት በሩ አይከፈትም። ነገር ግን ብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችና የትምህርት ዕድል ሰጪዎች «ለምን ሕግ? እስከ ዛሬስ ምን ሠራህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለዚህ መልስ የሚሆነው በአንድ ሌሊት አይገኝም።

ታዲያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ችሎት መግባት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት የወንጀል ክስ በመርሕ ደረጃ በግልጽ ችሎት ይሰማል። ክረምት ላይ ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው ዝግ ስለሚሆኑ የሴሚስተር ዕረፍት ይሻላል። ዝም ብሎ አዳምጦ ማታ የታየውን በአንድ ገጽ መጻፍ ነው። ዓመት ሙሉ የተጻፈ ደብተር ከማንም ውዳሴ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ማንበብ። ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጽ ብቻ ነው። አንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ይከፍታል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188 በ1992 ዓ.ም. ወጥቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቦ «ከባልና ሚስት አንዱ ባይፈቅድስ?» ብሎ መጠየቅ የሕግ ሰው አስተሳሰብ መጀመሪያው ነው።

ሦስተኛ፣ ቋንቋ። የክልላችን ፍርድ ቤት የሚሠራው በኦሮምኛ፣ የፌዴራሉ በአማርኛ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። የሆለታ ልጅ ሁለቱን ከሰፈር ያገኛል። ሦስተኛውን በትጋት ይጨምር።

አራተኛ፣ ማገልገል። ሩቅ መሄድ አያሻም። በአካባቢያችን የአበባ እርሻ የምትሠራ እህት የሥራ ውሏን ማንበብ ያቅታት ይሆናል። አንዲት እናት መጥሪያ ደርሷቸው ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ። አንብቦ ማስረዳት ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ግን ያልተማሩትን ምክር መስጠትና የሰውን ምስጢር ማውጣት ክልክል ነው።

አምስተኛ፣ መድረሳን አለመደበቅ። አንዳንድ ልጆች ማመልከቻ ሲጽፉ የመድረሳ ትምህርታቸውን ይዘሉታል። ለምን? በፊቅህ ደርስ በአንድ ጥያቄ ላይ ኢማሞች ሲለያዩ የእያንዳንዱን ማስረጃ አጥንቶ፣ ያልተቀበሉትን ወገን ጭምር አክብሮ ማስረዳት ተምረናል። ጠበቃም የሚሠራው ይህንኑ ነው። በማሌዥያ በ1983 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ሸሪዓንና ዘመናዊ ሕግን አብሮ ያስተምራል።

ወላጆች ሆይ! «ስንት አመጣህ?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ማንን ረዳህ? ምን ጠየቅህ?» በሉ። እኛ መምህራንም ተማሪዎቻችንን ደብዳቤ ሊያስጽፉ ሳይመጡ እንወቃቸው።

ለዚያች ልጅ የምናውቀውን ብቻ ጻፍን። ደብዳቤው አጭር ሆነ፤ ቅር ብሏት ሄደች። በሳምንቱ ግን ተመልሳ መጣችና «መምህር፣ ችሎት የሚጀምረው በስንት ሰዓት ነው?» ስትል ጠየቀችን።

ወቢሏሂ ተውፊቅ።